ጥለቱ ስንት ያስገኛል? ለወሎ የሸማ ማኅበራት የአሠራር መመሪያ

የሸማ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ወሬውን ያውቀዋል። ክር ተወደደ። ነጋዴው ዋጋ ሰበረ። ከውጭ የሚገባው የታተመ ጨርቅ የሐበሻ ልብስ መስሎ ገበያውን አጥለቀለቀው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሦስቱም ከማኅበሩ ደጅ ውጪ ያሉ ነገሮች ናቸው። በስብሰባ የክር ዋጋ አይወርድም።

ከደጅ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው። አንዱ አባላት የሚያውቁትን እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ሌላው ደግሞ ምን ዓይነት ሸማ እንሥራ የሚለው ውሳኔ ነው፤ ዲዛይን የምንለው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን የመልካም ጠባይ፣ ሁለተኛውን የውበት ጉዳይ አድርገን እናያቸዋለን። ሁለቱም ግን ቀጥታ የኪስ ጉዳዮች ናቸው። ይህ መመሪያ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ላሊበላ ወይም ገጠር ቀበሌ ውስጥ ላለ፣ ከአሥር እስከ ሠላሳ አባል ላለው ማኅበር የተጻፈ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶና አንድ የሚነበብ ሜትር ካላችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

አንደኛ፦ ቀኑን ቁጠሩ

ሸማኔ ዋጋ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የክሩን ወጪ ያስባል፤ ከዚያ "ለእጄ" ብሎ ትንሽ ይጨምርበታል። ይህ አሠራር አንድ ትልቅ ነገር ይደብቃል። እሱም ሥራው ስንት ቀን እንደበላ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምርት አንድ ቁጥር አውጡ፦ በአንድ የሥራ ቀን ስንት ብር አስገኘ? አሠራሩ ቀላል ነው። ከመሸጫው ዋጋ የክርና የሌላ ዕቃ ወጪን ቀንሱ። የቀረውን ሥራው በወሰደው ቀን አካፍሉ። ቀን ስትቆጥሩ መወርወሪያው (ክሩን ከዳር ዳር የሚያሻግረው) የሮጠበትን ብቻ አትቁጠሩ። ድር (ቁመቱን የሚሄደውን ክር) ማድራቱን፣ ድሩን ዕቃው (የሽመና መሣሪያው) ላይ መቀጠሉን፣ ጫፉን መቋጨቱን፣ ማጠብና መተኮሱን ሁሉ ጨምሩ።

ምሳሌ እንይ። ቁጥሮቹ ለማስያ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩባቸው። ቀጭን ጥለት ያለው ነጠላ በ1,800 ብር ይሸጣል እንበል። ክሩ 750 ብር ወሰደ፤ 1,050 ቀረ። ሥራው ሦስት ቀን ተኩል ከፈጀ በቀን 300 ብር ነው። አሁን ሰፊ ጥለት ያለውን፣ ሁሉም ሰው "ዋው" የሚለውን ነጠላ ውሰዱ። በ3,000 ብር ይሸጣል። ክሩ 1,100 ወሰደ፤ 1,900 ቀረ። ግን ስምንት ቀን ፈጀ። በቀን 237 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ። በስብሰባ የሚመሰገነው ሸማ ከዚያኛው ያነሰ ይከፍላል ማለት ነው።

ይህን ስላችሁ ሰፊውን ጥለት ጣሉት ማለቴ አይደለም። ወይ ዋጋው ይነሣ፣ ወይ ጥለቱ ይጥበብ፣ ወይ በትእዛዝና በቀብድ ብቻ ይሠራ። ከሦስቱ አንዱን መምረጥ የሚቻለው ግን ቁጥሩ ሲታወቅ ነው።

አንድ ነገር ሳትረሱ። ቤት ውስጥ የተፈተለ ማግ (አግድም የሚገባው ክር) "ነጻ" አይደለም። ባዘቶውን አዘጋጅታ፣ እንዝርት ይዛ፣ ስንት ምሽት የፈተለችው እናት ወይም ሚስት ጊዜ ወጪ ነው። ያንን ፈትል ገበያ ብትገዙት ስንት ይሆን እንደነበር ጻፉና በወጪው ውስጥ አስገቡት። ይህን ያላደረገ ማኅበር ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል እንጂ የቤቱን ድካም ነው እየሸጠ ያለው። ፈታዮቹም አባል ሆነው ድርሻቸውን ማግኘት አለባቸው ባይ ነኝ።

ሁለተኛ፦ የዋጋ ደብተር ክፈቱ

እውቀት ማካፈል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሥልጠና ነው። ቶሎ ብር የሚያመጣው ግን የዋጋ ወሬ ነው። የአንድ ማኅበር ሁለት ሸማኔዎች፣ በአንድ ሳምንት፣ ለአንድ ነጋዴ፣ አንድ ዓይነት ጋቢ በተለያየ ዋጋ ይሸጣሉ። ነጋዴው ሁለቱንም ዋጋ ያውቃል። ሸማኔዎቹ ግን አያውቁም። የሚጎዳቸው የነጋዴው ብልጠት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ አለመነጋገራቸው ነው።

አንድ ደብተር ይገዛ። በማኅበሩ ቤት በር አጠገብ በገመድ ይንጠልጠል። ሸጦ የተመለሰ ሁሉ አምስት ነገር ይጻፍ፦ ቀኑን፣ የት እንደተሸጠ፣ ምን እንደተሸጠ፣ ስንት እንደተሸጠ፣ ገዢው ምን እንዳለ። አምስተኛው ቀላል አይምሰላችሁ። "ነጭ በዛብን"፣ "አጭር ነው"፣ "ሳጥበው ቀለሙ ሄደብኝ" የሚሉት ቃላት ለቀጣዩ ዲዛይን መነሻ ናቸው። መጻፍ የማይችል አባል ካለ ለሚችል ይንገር። ክር የተገዛበት ሱቅና ዋጋም በዚያው ደብተር ጀርባ ይግባ።

የባቲን የሰኞ ገበያ ዋጋ፣ የላሊበላን የቅዳሜ ገበያ ዋጋና የደሴን ሱቆች ዋጋ ጎን ለጎን ስታዩት የመኪናውን ወጪ ችሎ የት መሄድ እንደሚያዋጣ ራሱ ይነግራችኋል። የቴሌግራም ግሩፕም ይረዳል። ነገር ግን ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ ዋጋ በሳምንቱ በሰላምታና በጥቅስ ይቀበራል። ደብተሩ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ የናሙና ሣጥን

የሽመና እውቀት በእጅና በዓይን ውስጥ ነው ያለው። ባለሙያው ሲታመም ወይም ሲሰደድ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ማኅበሩ የሠራው ጥለት ሁሉ መዳፍ በምታህል ቁራጭ ይቀመጥ። ከቁራጩ ጋር ካርቶን ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ የክሩ ዓይነትና የተገዛበት ቦታ፣ የቀለሞቹ ቅደም ተከተል፣ በጥለቱ ውስጥ የተቆጠረው ክር፣ የወሰደው ጊዜ፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ የሠራው ሰው።

ያልተሳካውንም አስቀምጡ። ቀለሙ የለቀቀው፣ ታጥቦ የተጨማደደው፣ ማንም ያልገዛው ሁሉ ይግባ። ስህተት ውድ የሚሆነው አሥራ ሁለት አባል በየተራ አንድ ዓይነቱን ሲከፍል ነው። አንዱ ከፍሎ ሌላው ቢያየው ግን የአሥራ አንዱ ክር ተረፈ ማለት ነው። ነጭ ካርድ ላይ "በዚህ ቀይ ክር አትሥሩ" ብሎ መጻፍ ከአንድ ቀን ሥልጠና ይበልጣል።

አራተኛ፦ ያካፈለ ይከፈለው

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ጎበዝ ሸማኔ ጥለቱን የሚደብቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ዛሬ ቢያሳይ ነገ ጎረቤቱ ሠርቶ በሃምሳ ብር ዝቅ አድርጎ ይሸጥበታል። "አካፍሉ፣ ተባበሩ" ብሎ መስበክ ይህን ፍራቻ አይፈታውም። የሚፈታው ደንብ ነው።

ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ ይስፈር። የመጀመሪያው፣ አዲስ ጥለት ያመጣ አባል ማንም አባል ያንን ጥለት በሸጠ ቁጥር ትንሽ ገንዘብ ያገኛል፤ ለምሳሌ ለአንድ ዓመት ያህል በአንድ ነጠላ 20 ብር። ገንዘብ ያዡ ከሽያጩ ቀንሶ ይሰጠዋል። ሁለተኛው፣ ሌላውን የሚያስተምር ባለሙያ ከዕቃው ላይ የተነሣበት ቀን እንደ ሥራ ቀን ይከፈለዋል። ስንት? አንደኛው እርምጃ ላይ ያወጣችሁት የቀን ገቢ መልሱን ይሰጣችኋል። ሦስተኛው፣ አንድን ጥለት ከተስማሙበት ዋጋ በታች የሸጠ አባል ልዩነቱን ለማኅበሩ ይከፍላል።

ታላላቆችን በስብሰባ መካከል "ያስተምሩን" ብሎ ማፋጠጥ ደግሞ ነውር ነው፤ አያስኬድምም። ቤታቸው ሂዱ። ቡና ይፈላ። ወጣቱ "ጋሼ፣ ይቺን የጥለት ጫፍ እርስዎ ሲሠሩት አትጎብጥም፤ የኔ ለምን ትጎብጣለች?" ብሎ ሸማውን ይዘርጋላቸው። እሳቸውም ዝም ብለው በጣታቸው ጠርዙን ይዳብሳሉ። ከዚያ "ማጉን ትስበዋለህ። አትሳበው፤ ለቀቅ አድርገህ አስተኛውና ምታው። አብሽር፣ እጅህ ይለምደዋል" ይላሉ። ይህ ንግግር የሁለት ደቂቃ ነው። ጠርዙ የጎበጠ ነጠላ ግን ገበያ ላይ "ሁለተኛ ደረጃ" ተብሎ ዋጋው ይሰበራል። ወጣቱ ሲመለስ ያንን ቃል በካርቶን ጽፎ ሣጥኑ ውስጥ ይክተተው፤ ለታላቁም የቀኑ ይታሰብላቸው።

አምስተኛ፦ ዲዛይኑን ከገዢው ጀምሩ

ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ከፋብሪካ ጋር በሜትር ዋጋ መወዳደር ከንቱ ድካም ነው። የእጅ ሥራ የሚያሸንፈው ፋብሪካ በማይመቸው ቦታ ነው፤ በትንሽ ብዛት፣ በልዩ ትእዛዝ፣ በስምና በታሪክ። ስለዚህ "ምን እንሥራ?" ከማለት በፊት "ለማን?" በሉ።

ወሎ ውስጥ ገዢው አንድ ዓይነት አይደለም። ይህ ደግሞ ሌላ አካባቢ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል ነው። በአንድ ሰፈር ለገናና ለጥምቀት የሚለብስ አለ፤ ለኢድና ለመውሊድ የሚለብስም አለ። ጥለቱ መስቀል የሆነ ነጠላ ላሊበላ ላይ ለገና ይፈለጋል፤ ለኢድ ግን አይሸጥም። ባለመስመር ወይም ባለአበባ ጥለት ግን ለሁለቱም ይሆናል። እዚህ ላይ ብልህነት አለ። ሁለቱንም ከአንድ ነጭ ድር ላይ መሥራት ይቻላል። ድሩን ዕቃው ላይ መቀጠል፣ ድሩ ረጅምም ይሁን አጭር፣ ያው ራሱን ጊዜ ያህል ይወስዳል ማለት ይቻላል። አንድ ረጅም ድር አድርታችሁ መጀመሪያ ባለመስቀሉን፣ ቀጥሎ ባለመስመሩን፣ በመጨረሻው ትራፊ ላይ ደግሞ ሻርፕ ብትሠሩበት፣ ያ የዝግጅት ቀን ለብዙ ዕቃ ይከፋፈላል። የቀን ገቢያችሁ ጥለት ሳትቀይሩ ከፍ ይላል።

ቀጥሎ ውጭ ያሉት አሉ። ከወሎ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ቤይሩት የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። እህቶቻችን ለሠርግና ለበዓል ልብስ የሚያዝዙት በኢሞና በቴሌግራም ነው። ለእነሱ የሚሆነው ሸማ ሦስት ጠባይ አለው። ሻንጣ ውስጥ ብዙ አይከብድም። ታጥቦ አይለቅም። ፎቶ ላይ ጥለቱ ይለያል። ጋቢ የክብር ነገር ነው፤ ግን ለኪሎ ክፍያ ይከብዳል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የሕፃን መጠቅለያ ይሻላሉ።

ላሊበላ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ ሌላ ነው። ነጠላ እንዴት እንደሚደረብ አያውቅም። የአንገት ሻርፕ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ ግን ወዲያው ይገባዋል። እዚህ ላይ የሽመና ዕቃችን ስፋት ገደብ ነው። መወርወሪያን በእጅ ከዳር ዳር ማቀበል የሚቻለው ክንድ እስከደረሰበት ድረስ ነው። ስለዚህ ሰፊ የጠረጴዛ ልብስ ሁለት ስፋት ተጋጥሞ ይሰፋል። ስፌቱን መደበቅ አትሞክሩ። በላዩ ላይ ቀጭን ባለቀለም መስመር አሳርፉበት፤ የዲዛይኑ አካል ይሆናል። ልኩንም ከገዢው ቤት ዕቃ ውሰዱ። የትራስ ልብስ የገበያ ትራስ ልክ ካልሆነ ቆንጆ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል።

የቀለም ነገር። ቀለም መብዛት ዋጋ መጨመር የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። በየቀለሙ መወርወሪያ መቀየር ግን ጊዜ ነው፤ በየቀለሙ ክር ገዝቶ ማስቀመጥ ደግሞ የተኛ ብር ነው። አራት ቀለም ያለውን ጥለት በሁለት ቀለም ሠርታችሁ ለገዢ ጎን ለጎን አሳዩ። የዋጋ ልዩነት ካላደረገ ትርፍ የሆኑትን ሁለት ቀለሞች ተዉ።

ስድስተኛ፦ ሳትሸጡ እጠቡት

አዲስ ክር ወይም አዲስ ዲዛይን ሲመጣ ሦስት ናሙና ብቻ ይሠራ። ከአንዱ መዳፍ የምታህል ቁረጡ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ጥለቱን ሃያ ጊዜ ያህል እሹት። ነጩ ከቀላ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ያንን ክር ተዉት። ካለፈ ደግሞ ነጭ ቁራጭ ስፉበትና በለብ ያለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ጥላ ላይ አድርቁ፤ ነጩን እዩት።

ከዚያ መኮማተሩን ለኩ። ጥጥ ይኮማተራል፤ የእጅ ፈትል ደግሞ ይብሳል። ከመታጠቡ በፊት 100 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉበት። ታጥቦ 94 ከሆነ ስድስት በመቶ ሄዷል። እንግዲህ ገዢው ቤት 200 ሳንቲ ሜትር ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉትን 213 አድርጋችሁ ሥሩ። ሒሳቡ 200ን ለ0.94 ማካፈል ነው። ይህን ያልለካ ማኅበር ዋጋውን በተመለሰ ዕቃና በቅሬታ ይከፍለዋል።

ሰባተኛ፦ ብሩን በበዓል ቀን መቁጠሪያ አስሉት

የሸማ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጣም። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ መስከረም 21 የግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 29 ገና፣ ከዚያ ጥምቀትና የጥር ሠርግ፣ ፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ያለው ሠርግ። ነሐሴ 16 ሲደርስ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦና በራያ ሶለል የሚባለው የልጃገረዶች በዓል አለ፤ ያን ጊዜ የሴቶች ቀሚስ ይፈለጋል። ኢድ ደግሞ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ይቀድማል፤ ስለዚህ ያለፈው ዓመት ቀን አያታልላችሁ።

ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ነጠላው ሦስት ቀን ተኩል ከፈጀ፣ አንድ ሸማኔ ለገና ስድስት ነጠላ ለማድረስ ሃያ አንድ የሥራ ቀን ይፈልጋል። ሰንበትንና በዓላትን ቀንሱ። ጉዞና መሸጫ ሁለት ሳምንት ጨምሩ። ክሩ መቼ መገዛት እንዳለበት ያኔ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ ኅዳር ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው እጁ ባዶ ነው። ስለዚህ ከነሐሴና ከመስከረም ሽያጭ ላይ የክር ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። የአባላትን ድርሻ ቀድሞ አከፋፍሎ ክር በብድር መግዛት የብዙ ማኅበር በሽታ ነው። ክሩን ያበደረው ነጋዴ ሸማውን ራሱ ባለው ዋጋ ይወስደዋል።

መደርደሪያ ላይ የተኛውንም አስቡ። ሻርፕ በቀን 330 ብር ያስገኛል ብላችሁ ሃምሳ ብትሠሩና ዓመቱን ሙሉ አሥር ብቻ ቢሸጥ፣ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። በሦስት ወር ያልተሸጠ ምርት በደብተሩ ላይ በቀይ ይሰመርበት። ወይ ዋጋው ይቀነስ፣ ወይ ወደ ሌላ ገበያ ይሂድ፣ ወይ ተቆርጦ የትራስ ልብስ ይሁን።

ስምንተኛ፦ ምን ይታይ፣ ምን ይደበቅ

ማካፈል ማለት ሁሉን ለሁሉ መዘርገፍ አይደለም። በማኅበሩ ውስጥ ምንም አይደበቅ። ከማኅበሩ ውጪ ግን የደንበኞች ስልክና ለመጪው በዓል የታሰበ አዲስ ጥለት ይቆዩ። ሃያ ነጠላ ሳይደርስ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ የለቀቀ ማኅበር ለሌላው ሠርቶ ሰጠ ማለት ነው።

ሕጉም አለ። የኢንዱስትሪ ንድፍ (የምርቱ መልክና ቅርጽ) በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ይጠበቃል፤ አዲስ መሆን ግን አለበት። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ጥለት የማንም የግል አይሆንም፤ ባይሆንም ጥሩ ነው። ለአብዛኛው ማኅበር ከንድፍ ይልቅ የንግድ ምልክት ቶሎ ይጠቅማል። አዋጅ ቁጥር 501/1998 ላይ የተመሠረተ ሲሆን ምዝገባው ለሰባት ዓመት ያገለግላል፤ ይታደሳልም። ጥያቄውን የሚቀበለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁና ምልክታችሁ ከሌላ ጋር እንደማይመሳሰል አጣሩ።

ምዝገባው እስኪያልቅ ድረስ ትንሽ የጨርቅ መለያ እየሰፋችሁ ሽጡ። ላዩ ላይ የማኅበሩ ስም፣ የተሠራበት ከተማ፣ የሸማኔው ስም፣ የፈታይዋ ስምና "በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ" ይኑርበት። የፈታይዋን ስም የሚጽፍ ማኅበር ብዙ አላየሁም። ጻፉት፤ ገዢ ይወደዋል፤ ደብተሩ ላይም የማን ማግ እንደማይጨማደድ በዚያው ይታወቃል።

ይህን ሁሉ በአንድ ወር አትጀምሩት። መጀመሪያ ደብተሩን ክፈቱና ሁለት ወር ጻፉበት። ቀጥሎ የናሙና ሣጥኑ ይምጣ። የክፍያውን ደንብ ያኔ በስብሰባ አቅርቡት፤ ቁጥር በእጃችሁ ስላለ ክርክሩ አጭር ይሆናል። አንዱን ጥለት ብቻ መርጣችሁ ለሚቀጥለው በዓል አሻሽሉ፤ ከበዓሉ በኋላ በመጀመሪያው ሰንበት ተቀመጡና በቀን ስንት እንዳስገኘ ከአሮጌው አጠገብ ጻፉት።